ሌባ፣ ቀማኛና በላተኛ፤ የስርቆት ቃላት ዳሰሳ

የጥያቄው አነሣሥ

በእስራኤል አገር በአሽቀሎን ከተማ፣ የቤተ እስራኤል ወገኖች ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች አንዱ የሆነው ሺምሾን ስሙን የወረሰው ከመስፍኑ ከሶምሶን ነው። ይህ ሶምሶን፣ በመጽሐፈ መሳፍንት በ14ኛው ምዕራፍ እንደ ተተረከው፣ በሠርጉ ሰሞን ያቀረበው እንቆቅልሽ በተንኰል ተፈትቶበት የሠላሳ ልብስ ዕዳ በገባ ጊዜ፣ ወደ አሽቀሎን ወርዶ ሠላሳ ሰዎች ገደለ፣ ልብሳቸውንም ገፍፎ ዕዳውን ከፈለበት። ይህን ግብር በምን ስም እንጠራዋለን? በስውር ስላልተደረገ ስርቆት አይባልም፤ ሁለት ሠራዊት ተሰልፎ ስላልተዋጋ ምርኮ ለማለት ያስቸግራል፤ ዝርፊያ እንዳይባልም ተራኪው የእግዚአብሔር መንፈስ በሰውዬው ላይ እንደ ወረደ ይነግረናል። ንብረቱ ከባለቤቱ ያለ ፈቃዱ መወሰዱ ግን የማይካድ ነው።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄም ይኸው ነው። የሌላውን ሀብት ያለ ፈቃዱ ስለ መውሰድ አማርኛ የሚጠቀምባቸው ቃላት ብዙዎች ናቸው፤ አንዱን ወሳጅ ሌባ፣ ሌላውን ቀማኛ፣ ሦስተኛውን ዘራፊ፣ አራተኛውን ደግሞ በላ ብቻ የሚያሰኘው ምንድን ነው? የተወሰደው ነገር መጠን ነው ወይስ የአወሳሰዱ ዘዴ ወይስ የወሳጁ ማዕርግ? እነዚህ ሦስት መልሶች ሁሉ ጠበቃ አላቸው፤ ማስረጃውም ከግእዝ መዝገብ፣ ከኦሪት ትርጓሜ፣ ከአገር ሕግና ከመንደር አነጋገር ይገኛል። ጥያቄው ዛሬ በሺምሾን ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት ውስጥ በአዲስ መልክ ስለሚነሣ፣ የዕብራይስጡን ወገን አብሮ መመርመር ግድ ይሆናል።

የቃላቱ ሥርና ዝምድና

«ሰረቀ» ከግእዝ የወረደ ግሥ ነው። በግእዝ ሁለት ግሦች በፊደል ተለይተው ይኖራሉ፤ በእሳቱ ሰ የሚጻፈው ሰረቀ የሰውን ገንዘብ በስውር መውሰድ ሲሆን፣ በንጉሡ ሠ የሚጻፈው ሠረቀ ግን የፀሐይንና የጨረቃን መውጣት ያመለክታል፤ ምሥራቅም የተገኘው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። ዐረብኛ ሁለቱን እስከ ዛሬ በድምፅ ይለያቸዋል፤ ሰረቀ ብሎ መስረቅን፣ ሸረቀ ብሎ የፀሐይን መውጣት ይናገራል። በአማርኛ አንደበት ግን ሁለቱ ሰ በድምፅ አንድ ስለሆኑ፣ ልዩነቱን የሚጠብቀው ፊደሉን ጠንቅቆ የተማረ ጸሐፊ ብቻ ነው።

ግእዝ በስውር የሚወስደውን ሰራቂ ሲል፣ በኀይል የሚነጥቀውን ሀያዲ ይለዋል፤ ግሡም ሄደ ነው፤ የዛሬው አማርኛ አንባቢ ይህን ቃል በብራና ሲያገኘው «ተጓዘ» ማለት እንዳይመስለው ይጠንቀቅ። መንገድ ላይ አድፍጦ የሚገፍፈው ደግሞ ፈያት ወይም ፈያታዊ ይባላል፤ በቤተ ክርስቲያን ከጌታ ጋር በቀኝ ተሰቅሎ ገነት የገባው ሰው ፈያታዊ ዘየማን መባሉ ይታወቃል። እንግዲህ በዘዴ መለየት አዲስ ነገር ሳይሆን ከጥንቱ ቋንቋ የተወረሰ ሥርዓት ነው።

«ሌባ» ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ቆሞ ይታያል። ለዚህ ሰው የግእዙ ተራ ስም ሰራቂ እንጂ ሌባ አይደለም፤ ከ«ልብ» ጋር ላዛምደው የሚል ቢኖርም ከድምፅ መመሳሰል በቀር የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም። ስለዚህ የምንጩን ነገር ትተን ጠባዩን ብንመለከት ይሻላል። «ሰረቀ» እንደ ማንኛውም ግሥ ይረባል፤ ተሰረቀ፣ አሰረቀ፣ ተሰራረቀ፣ ስርቆት፣ ስርቆሽ ይላል። ሌባ ግን ግሥ የለውም፤ ከእርሱ የሚወጣው ሌብነት ብቻ ነው፤ ይኸውም እንደ ደግነትና እንደ ክፋት የሰውን ጠባይ እንጂ አንድን ድርጊት አይናገርም። አንድ ሰው አንድ ቀን ሊሰርቅና ሊጸጸት ይችላል፤ ሌባ የተባለ ሰው ግን ሲተኛም ሌባ ነው። ከእንቁላል ተነሥቶ በሬ እስከ መስረቅ ደርሶ በተያዘ ጊዜ እናቱን በእንቁላሉ በቀጣሽኝ ያላት ልጅ ተረት፣ እንዲሁም «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» የሚለው ምሳሌ፣ ሕዝቡ ይህን ልዩነት አጥርቶ እንደሚያውቅ ያስረዳሉ፤ ስርቆት ድርጊት ነው፣ ሌብነት ግን አመል ነው።

ኦሪትና ሊቃውንት

ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ በግእዝ የተጻፈውን ኦሪት በቄሶቻቸው አፍ ሲሰሙ ኖረዋል፤ የባቢሎን ሊቃውንት ያዘጋጁት ታልሙድ ግን ወደ እነርሱ አልደረሰም ነበር። ስለዚህ በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል በተደረገው ዘመቻ ሙሴ፣ በኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተፈጸመው ዘመቻ ሰለሞን እስራኤል ሲደርሱ፣ ስለ ስርቆት የሚያውቁት ትእዛዝ አንድ ሆኖ ሳለ ትርጓሜው በሌላ መንገድ ተራቅቆ ጠበቃቸው።

የታልሙድ ሊቃውንት ከዐሥሩ ቃላት አንዱ የሆነውን የስርቆት ክልከላ ስለ ሰው ስርቆት የተነገረ ነው ብለው ተረጐሙት፤ ምክንያታቸውም በዙሪያው ያሉት ትእዛዛት የሞት ፍርድ የሚያስከትሉ ስለሆኑ ይህም እንደ ጎረቤቶቹ መሆን ይገባዋል የሚል ነው። ስለ ገንዘብ ስርቆት የተነገረውን ክልከላ ደግሞ በኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ አገኙት። ይህ አከፋፈል ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ቢመስልም፣ በአገራችንም ሰውን አታልሎ ወይም ነጥቆ የሚሸጠው ሰው ፈንጋይ ይባል እንደ ነበረ፣ የባሪያ ንግድም በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ፈጽሞ እስኪከለከል ድረስ ይህ ቃል የዘወትር ፍርሃት ስም እንደ ነበረ ስናስታውስ እምብዛም አይርቀንም።

ከዚህ የሚጠልቀው በጋናቭና በጋዝላን መካከል የተደረገው ልዩነት ነው። ጋናቭ በስውር የሚወስደው ነው፤ ጋዝላን በግልጥ የሚነጥቀው። በኦሪት ሕግ ጋናቭ የሰረቀውን እጥፍ ይከፍላል፤ በሬ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ አምስት እጥፍ፣ በግ ቢሆን አራት እጥፍ ይከፍላል። ጋዝላን ግን የነጠቀውን ይመልሳል፤ አምስተኛ እጅ የሚጨምረውም በሐሰት ምሎ እንደ ሆነ ነው። በስውር የወሰደው በኀይል ከነጠቀው ይልቅ አብልጦ መክፈሉ ለብዙዎች የተገለበጠ ፍርድ ይመስላል። ረባን ዮሐናን ቤን ዛካይ የሰጠው መልስ በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ጋዝላን ሰውንም እግዚአብሔርንም እኩል አልፈራም፣ ጋናቭ ግን ከሰው ዓይን ተሸሽጎ ከአምላክ ዓይን ስላልተሸሸገ ፍጡሩን ከፈጣሪው አስበልጦ ፈራ።

የአገር ሕግና የአገር ክብር

በኢትዮጵያ ሌባን ለማግኘትና ለመቅጣት የተደረገው ጥረት ታሪኩ ረጅም ነው። በገጠሩ ሌባ ያልታወቀ እንደ ሆነ አውጫጭ ወይም አፈርሳታ ይደረግ ነበር፤ ይኸውም የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ በመሐላ እየተጠየቀ፣ ወንጀለኛው እስኪገኝ እንዳይበተን የሚደረግበት ሥርዓት ነው። ሌባሻይ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሠራ ነበር፤ አንድ ልጅ መድኀኒት ጠጥቶ ራሱን ከሳተ በኋላ ወገቡ በመቀነት ተይዞ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ በወደቀበት ቤት ያለው ሰው የሌብነት ዕዳ ይጫንበታል። አውጫጭ በጉባኤና በመሐላ ቃል ሲታመን፣ ሌባሻይ የታመነው ከሰው ዕውቀት ውጭ ባለ ኀይል ነው፤ ሁለቱን የሚያስተካክላቸው ግን የተሰረቀው ዕቃ ዋጋ ሳይሆን የሰራቂው መሰወር የፈጠረው ጭንቀት ነው። ቀማኛን ለማግኘት ሌባሻይ አያስፈልግም፤ ቀማኛ ፊቱን አሳይቶ ሄዷልና።

ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ለዳኞች የመጽሐፍ ሥልጣን ሆኖ ሲያገለግል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን የጐበኙ ተጓዦች ለሌባ የእጅና የእግር መቆረጥ ቅጣት እንደ ነበረ ጽፈዋል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ፣ ቀጥሎም የ1949ኙ፣ በመጨረሻም በ1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ነገሩን ወደ እስራት ቅጣት አዘነበሉት። የአሁኑ ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን፣ በአንቀጽ 670 ውንብድናን፣ በአንቀጽ 675 እምነት ማጉደልን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ለተራ ስርቆት የሚሰጠው ቅጣት ከአምስት ዓመት ጽኑ እስራት የማያልፍ ሲሆን፣ ለውንብድና ግን እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ይደርሳል። በ1977 እ.ኤ.አ. የተደነገገው የእስራኤል የወንጀል ሕግም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ለስርቆት ሦስት ዓመት፣ ሾድ ለሚባለው የኀይል ዝርፊያ ዐሥራ አራት ዓመት ይመድባል። ሁለቱም አገሮች በዘመናዊ ሕጋቸው ኀይልን ከስውርነት አክፍተው አይተዋል፤ የዮሐናን ቤን ዛካይ ፍርድ በኢየሩሳሌም ፍርድ ቤት እንኳ የምግባር ትምህርት እንጂ የቅጣት ሚዛን አይደለም።

የደጋው ሕዝብ ክብር ግን ከዘመናዊው ሕግ ይልቅ ወደ ጥንቱ ሊቅ ይጠጋል። ሽፍታ ሲዘርፍ ይፈራል፣ ስሙም በፉከራ ይነሣል፤ ሌባ ሲያዝ ይዋረዳል። ዘረፈ የሚለው ግሥ ራሱ ምን ያህል ከብሮ እንደ ተቀመጠ ለማየት ወደ ቅኔ ቤት ጎራ ማለት ይበቃል፤ ባለ ቅኔው ቅኔውን በጉባኤ ሲያወርደው ቅኔ ዘረፈ ይባላልና፤ ጀግናውም ሲፎክር ዘራፍ ብሎ ይነሣል። ቅኔ ሰረቀ ቢባል ግን ስድብ ነው። ምክንያቱ ከረባኑ ምክንያት ይለያል፤ እርሱ ጋናቭን የነቀፈው እግዚአብሔርን ስላልፈራ ነው፣ ደገኛው ግን ሌባን የሚንቀው ሰውን ስለ ፈራ፣ ማለትም ፈሪ ስለሆነ ነው። መደምደሚያቸው አንድ ሲሆን መነሻቸው እንዲህ መራራቁ ይህን ጥያቄ ለሚያጠና ሰው ቸል የማይባል ነጥብ ነው።

የዕለት አነጋገር

በከተማ አነጋገር ሌባ እንደ ሙያው ተከፋፍሎ ይጠራል። ኪስ አውላቂ በግፊያ መካከል የሚሠራ ነው፤ መንታፊ ነጥቆ የሚሮጥ፤ ሞጭላፋ ያገኘውን ጥቃቅን ሁሉ የሚያነሣ፤ ቤት ሰርሳሪ ግድግዳ ፈልፍሎ የሚገባ፤ ማጅራት መቺ ደግሞ ከኋላ መትቶ የሚገፍፍ ሲሆን፣ ይህ የመጨረሻው በሕግ ዓይን ከሌባ ይልቅ ወንበዴ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ የሌባ ተቀባይ አለ። የታልሙድ ሊቃውንት ሌባው አይጡ ሳይሆን የሚገባበት ቀዳዳ ነው የሚል ትርጉም ያለው ብሂል አላቸው፤ ሙሴ ቤን ማይሞንም ከሌባ የሚገዛውን ሰው የኃጥኣንን እጅ የሚያበረታ ነው ብሎ አጥብቆ ይነቅፈዋል። የኢትዮጵያ ሕግ መሸሸግን ራሱን የቻለ ወንጀል ሲያደርገው የመርካቶ ነጋዴ ከዱሮ ጀምሮ የሚያውቀውን ነው ያጸናው።

የስርቆት ቃል ከወንጀሉ ወጥቶ ወደ ሌላ ፍች የሚገባበትም ጊዜ ብዙ ነው። ሁለተኛይቱ የእጅ ጣት ሌባ ጣት ትባላለች፤ ጠቋሚ ጣት የሚላትም አለ። አንዳንዱ ስሟን ሌባን ከመጠቆሟ ያመጣዋል፤ ሌላው ወጥ ለመቅመስ በስውር የምትገባ እርሷ ስለሆነች ነው ይላል፤ ሁለቱም ከግምት አያልፉም። የጓሮው በር ስርቆሽ በር ነው፤ ሰውን ሳያስነቃ ማየት ሰረቅ አድርጎ ማየት ነው፤ እናት ጓዳ ገብቶ ስኳር የቀመሰ ልጇን አንተ ሌባ ስትለው ቁጣም ፍቅርም አለበት። ምርጫ ተጭበርብሯል ብሎ የሚያምን ወገን ድምፄ ተሰረቀ ይላል፤ ይህ አነጋገር በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት በተቃዋሚዎች አቤቱታ፣ በመንግሥትም ማስተባበያ ውስጥ ደጋግሞ ተሰምቷል።

ልብ መስረቅ ግን የተለየ ምርመራ ይሻል። በአማርኛ ልቤን ሰረቀው ያለች ሴት ወደደች ማለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ያዕቆብ የላባን ልብ ሰረቀ ሲባል ግን መሄዱን ሳይነግረው አታለለው ማለት ነው፤ አቤሴሎምም የእስራኤልን ሰዎች ልብ የሰረቀው በሽንገላ ነው። በጥንቱ ዕብራይስጥ፣ በግእዝም ጭምር፣ ልብ የማሰቢያ ማደሪያ ነው፤ ልብን መስረቅም ዕውቀትን መስረቅ ነው። ከዚህ ተነሥተው የአይሁድ ሊቃውንት ግኔቫት ዳዓት የሚል የሕግ ስም አወጡ፤ ሰባት ዓይነት ሌቦችን ሲቈጥሩም የሰውን ሐሳብ የሚሰርቀውን ከሁሉ በፊት አስቀመጡት። አማርኛ ለዚህ ማታለል፣ ማጭበርበርና መሸንገል የሚሉ ቃላት አሉት፤ ከስርቆት ቤተ ሰብ ጋር ግን አላስቀመጣቸውም።

በላ

እስካሁን ያየናቸው ቃላት ሁሉ ወሳጁን ይነቅፋሉ ወይም አስፈሪ ያደርጉታል። አንድ ቃል ግን ከእነዚህ ተለይቶ ለወሳጁ ይራራለታል፤ እርሱም «በላ» ነው። የዕድር ገንዘብ ያጎደለ ዳኛ ገንዘቡን በላ ይባላል፤ ዳኛው ጉቦ በላ፤ ሹሙ በጀት በላ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ምሳሌ እንደ ነቀፋም እንደ ምክርም ሊነበብ መቻሉ የቃሉን ጠባይ ያሳያል፤ መብላት የሕያው ፍጥረት ሁሉ ግብር ስለሆነ፣ የበላ ሰው ከልክ አለፈ ይባል ይሆናል እንጂ ከሰው ተራ አይወጣም።

የመንግሥት ቋንቋ ደግሞ ሌላ ቃል መርጧል። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ሲቋቋም ጉቦንና ምዝበራን በአንድነት የያዘው ስም ሙስና ሆነ። ሙስና በግእዝ ማሰነ ከሚለው ግሥ የወጣ፣ መጥፋትንና መበስበስን የሚያመለክት፣ በስብከትና በትርጓሜ መጻሕፍት ስለ ሥጋ ፈራሽነት ሲነገር የኖረ የከበረ ቃል ነው። የሚደግፉት ሰዎች እንደሚሉት ቃሉ ጉቦን፣ ዝምድናን፣ በሥልጣን መነገድን ሁሉ ስለሚያካትት ከሌብነት ይሰፋል፤ በሽታው የአንድ ሰው ሳይሆን የሥርዓቱ መሆኑንም ይናገራል። የሚነቅፉት ደግሞ ዳቦ የወሰደው ልጅ ሌባ ሲባል ሚሊዮን የወሰደው ሰው በሙስና የተጠረጠረ መባሉ ፍርድን ያቀዘቅዛል ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ ሆኖም ከላይ የተዘረዘሩትን ቃላት በተርታ ብንደረድራቸው ወሳጁ በማዕርግ ከፍ ባለ ቁጥር ስሙ ከሰውዬው ወደ ድርጊቱ፣ ከድርጊቱም ወደ ረቂቅ ሐሳብ እንደሚሸሽ እናያለን። ለድኻው ስመ ጠባይ፣ ለሹሙ ግሥ፣ ለሥርዓቱ የግእዝ ቃል ይደርሰዋል።

ይህን ደረጃ አደባባዩ ሊሰብረው ሞክሯል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሡ ተቃውሞዎች ሌባ የሚለው ጩኸት በባለ ሥልጣን ላይ ተነሣ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የቀን ጅብ የሚለውን አነጋገር ሲጠቀሙ መብላትና መስረቅ በአንድ አውሬ ስም ተገናኙ። ነገር ግን የሌባ ስም ከድርጊት ይልቅ በሰው ባሕርይ ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ፣ አነጋገሩ ቀስ በቀስ በአንድ ሕዝብ ላይ የወደቀ ስም ሆነ ብለው የተቹት ጥቂቶች አልነበሩም። ለቤተ እስራኤል ይህ ነገር ከሩቅ የሚሰማ አይደለም። አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ስለ ነበሩ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ቡዳ ተብለው፣ ሌሊት ጅብ ሆነው ሰው ይበላሉ ተብለው ለብዙ ዘመን ተጠርተዋልና፤ ሐጋር ሰለሞን የተባለችው ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መጽሐፍ ይህን አስተሳሰብ በስፋት መርምራዋለች። ሹሙ ሲበላ ግሥ ብቻ ነበረ፤ አንጥረኛው ያልበላውን ግን በላ ተብሎ ስሙ ሆነ።

በሺምሾን ያለው የሁለት ቋንቋ ነገር

በአማርኛ ኪሱ የተገፈፈ ሰው ተሰረቅሁ ይላል፤ ገንዘቡ ሳይሆን እርሱ ራሱ የተሰረቀ ይመስል። ሰረቁኝም ይላል፤ የሰማው ሁሉ ስለ ገንዘቡ መሆኑን ያውቃል። ይህን ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ ያዞረ ሰው ግን ጋንቩ ኦቲ ብሎ ያስደነግጣል፤ ጠልፈው ወሰዱኝ ማለት ነውና። ትክክለኛው ጋንቩ ሊ ነው፤ ሰረቁብኝ እንደ ማለት። አዛውንቱ ለፖሊስ ሲያመለክቱ ልጃቸው የምታርመው እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱም ከሰዋስው ያልፋል፤ የአማርኛው አነጋገር የተወሰደውን ዕቃ ከባለቤቱ አካል አይለየውም፣ የዕብራይስጡ ግን ባለቤቱን በአንድ ወገን፣ ንብረቱን በሌላ ወገን ያቆማል።

የወጣቱ ዕብራይስጥ ደግሞ ከዚሁ ሥር ማግኒቭ የሚል ቃል ስላወጣ፣ ልጆች ጥሩ ጫማ ወይም ጥሩ ዘፈን ሲያደንቁ ሥሩ ስርቆት በሆነ ቃል ያደንቃሉ። ከዚሁ ሥር የወጣው ሂትጋኔቭ ሹልክ ብሎ መግባትን ያመለክታል፤ ድንበር መስረቅም በስውር ድንበር መሻገር ነው። ለሱዳን መንገደኞች ይህ አነጋገር ሁለት ፊት አለው፤ ከመንደራቸው በሌሊት ሹልክ ብለው የወጡ እነርሱ ሲሆኑ፣ በበረሃ ያላቸውን የገፈፋቸው ግን ሽፍታ ነው። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያ ጣቢያ ያለቁት ወገኖች ወደ አራት ሺህ እንደሚደርሱ ይነገራል።

የግኔቫት ዳዓትን ትርጉም ለዚህ ማኅበር ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የደሙ ጉዳይ ነው። በጃንዋሪ 1996 እ.ኤ.አ. የማዓሪቭ ጋዜጣ፣ ኢትዮጵያውያን የለገሡት ደም የኤች አይ ቪ ሥጋት አለበት ተብሎ ሳይነገራቸው ሲጣል እንደ ኖረ ገለጠ፤ በዚያው ወር 28ኛ ቀን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ከዐሥር ሺህ የሚበልጥ ሰው ለተቃውሞ ወጣ፤ ጉዳዩን የሚመረምረውም ኮሚቴ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን ሰብሳቢነት ተቋቋመ። በወንጀል ሕግ ቋንቋ ካየነው ስርቆት የለም፤ ደሙ በፈቃድ ተሰጥቷል፣ የተጠቀመበትም የለም። በሊቃውንቱ ቋንቋ ግን ለጋሹ ሕይወት አዳንሁ ብሎ እንዲያምን መተው የልብ ስርቆት ነው፤ ከሰባቱም የመጀመሪያው። አማርኛ ተናጋሪው ያንጊዜ ናቁን፣ አታለሉን አለ፤ ሰረቁን ለማለት ግን ቋንቋው አላደረሰውም።

ያልተቋጩ ነጥቦች

የመጀመሪያው ያልተቋጨ ነጥብ ጊዜ ስርቆትን ያጸዳዋል ወይ የሚለው ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ እንግሊዞች የዘረፉትን የብራና መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በዐሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ በሚጠጋ በቅሎ ጭነው፣ በደላንታ ሜዳ ሐራጅ አውጥተው ሸጡት፤ በዘመኑ የጦር ልማድም ምርኮ አሉት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 እ.ኤ.አ. የክብረ ነገሥትን መጽሐፍና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል እንዲመልሱ በጠየቁ ጊዜ መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን አልተመለሰም። በ2018 እ.ኤ.አ. የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ኀላፊ ዕቃዎቹ በረጅም ጊዜ ውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄዱ ይችላሉ ሲሉ፣ ክርክሩ እንደገና ወደ ስም ተመለሰ፤ ሰው የራሱን ዕቃ አይዋስምና። በዚህ ረገድ የኦሪቱ ሕግ ለወሳጁ ወገን ምቹ አይደለም፤ ጋዝላን ቢያንስ የነጠቀውን ራሱን እንዲመልስ ያዝዛልና።

ሁለተኛው ነጥብ የሌባ ስም ከሰው ላይ መቼ ይወርዳል የሚለው ነው። ሕጉ ቅጣቱን ለፈጸመ ሰው በደንቡ መሠረት መሠየምን፣ ማለትም መብቱንና መልካም ስሙን መመለስን፣ ይፈቅዳል፤ ቋንቋው ግን «የቀድሞ ሌባ» የሚል ማዕርግ አያውቅም፤ ፈያታዊ ዘየማን እንኳ ገነት ከገባ በኋላ ፈያታዊ እንደ ተባለ ኖሯል።

ሦስተኛው የመዝገበ ቃላት ነገር ነው፤ ተግባራዊ ስለሆነም ቅርብ መፍትሔ አለው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌና የደስታ ተክለ ወልድ መዝገቦች ለግእዝና ለአማርኛ ሥር ፍለጋ ጽኑ መሠረት ጥለዋል፤ የቃላትን የክብር ደረጃ፣ ማለትም ለማን እንደሚነገሩና ለማን እንደማይነገሩ የሚያሳይ መዝገብ ግን ገና ይጠበቃል። በሺምሾን የሚያድገው ልጅ አማርኛን ከመዝገብ የሚማርበት ቀን እየቀረበ ነው፤ ወላጆቹ በአፍ ያወረሱት ቃል በዕብራይስጥ ሲተካ ሌባ ጋናቭ ተብሎ በቀላሉ ይተረጐምለታል፤ በላ ግን አኻል ተብሎ ቢተረጐምለት ምግብ ብቻ ይመስለዋል። ስለዚህ የወደፊቱ መዝገበ ቃላት «በላ»ን በምግብ ተራ ብቻ ሳይሆን በስርቆት ተራም ያስገባው፤ ከፍቹም አጠገብ ለሹም የሚነገር መሆኑን ይጻፍበት።